ክትባት በገጠር፦ ከፈንጣጣ ዘመቻ እስከ «ዜሮ ዶዝ»

በ1963 ዓ.ም. ጥር ላይ ኢትዮጵያ ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ ስትጀምር፣ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ነገሩን በሙሉ ልብ የተቀበሉት ብዙ አልነበሩም። ገንዘቡም ሰዉም ወባ ላይ ነበር። ፈንጣጣው ደግሞ በአገሩ በብዛት የሚታየው ቀለል ያለው ዓይነት ነው፤ ከመቶ ታማሚ አንድ ወይም ሁለት ቢገድል ነው። ሕንድና ባንግላዴሽ ውስጥ ቤት የሚዘጋው ፈንጣጣ ሌላ፣ ይኼኛው ሌላ። ወባ በየክረምቱ ማግሥት ስንቱን በሚጨርስበት አገር ለዚህ ለቀላሉ ሰውና መኪና መመደብ ለምን እንዳስፈለገ ለባለሥልጣኑም ለገበሬውም ማስረዳት ቀላል አልነበረም።

ደግሞም መከተብ ለሰዉ እንግዳ ነገር አልነበረም። አዋቂው ከታማሚው ቁስል ፈሳሹን ወይም ቅርፊቱን ወስዶ የጤነኛውን ክንድ ጫር አድርጎ ያስገባለታል፤ ሰውየው ለጥቂት ቀን ያመውና ይድናል። የውጭ ተጓዦች ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ትግራይ ውስጥ ይህ ሲደረግ አይተው ጽፈዋል። በምኒልክ ዘመንም የአውሮፓ ሐኪሞች በሸዋ አዲሱን ክትባት ይሰጡ ነበር። የባህላዊው ከታቢ ሥራ አንድ ትልቅ እንከን ነበረበት፤ ክንድ ውስጥ የሚያስገባው ሕያው ፈንጣጣ ስለሆነ የተከተበው ሰው ቢድንም ጎረቤቱን ሊያሲዝ ይችላል። ዘመቻው ከበሽታው ጋር ብቻ ሳይሆን መንደሩ ከሚያምነው ከዚህ ከታቢ ጋርም መፎካከር ነበረበት። ገበሬው «እኔ ተከትቤያለሁ» ሲል እውነቱን ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት ለሥራው የላካቸው ኦስትሪያዊው ዶክተር ኩርት ቫይትሃለርና ብራዚላዊው ዶክተር ሲሮ ደ ኳድሮስ ነበሩ። በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ከ26 ሺህ በላይ ታማሚ ተመዘገበ። በዚያ ዓመት በዓለም ላይ ከተመዘገበው ፈንጣጣ ግማሹ ያህል ኢትዮጵያ ውስጥ ነበር ማለት ነው። በሽታው ድንገት በርትቶ አይደለም፤ ከዚያ በፊት የሚቆጥረው ሰው አልነበረም እንጂ።

ሥራው የእግር ሥራ ነበር። ብዙው ሕዝብ ከመኪና መንገድ የአንድ ቀን መንገድና ከዚያ በላይ ርቆ የሚኖር ነው። ኢትዮጵያውያኑ የጤና ሠራተኞችና ከእነሱ ጋር የተመደቡት የአሜሪካ ሰላም ጓዶች በበቅሎና በእግር ይወጣሉ፤ ገበያ መሐል ፈንጣጣ የወጣበት ሕፃን ፎቶግራፍ ያለበትን ካርድ እያሳዩ «እንዲህ ያለ ሰው የት አይታችኋል?» ይላሉ፤ ተማሪዎችን ይጠይቃሉ። ታማሚ ሲገኝ አገሩን ሁሉ ለመከተብ አይሮጡም፤ የታማሚውን ቤት፣ ጎረቤቱን፣ መንደሩን ከብበው ይከትባሉ። እሳት የያዘውን ጎጆ ዙሪያውን እንደ መክበብ ነው።

ስለ ክትባቱ ራሱ ትንሽ ማለት ያስፈልጋል፤ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ከዚህ ጋር ይነጻጸራልና። የፈንጣጣው ክትባት ደረቅ ዱቄት ነበር። በ37 ዲግሪ ሙቀት አንድ ወር ቢቆይ አይበላሽም። ቀዝቃዛ ዕቃ አይፈልግም፤ በኮሮጆ ተጠቅልሎ በበቅሎ ይጫናል። በሁለት ጥርስ መርፌ ክንድ ላይ ወጋ ወጋ ይደረግና አለቀ። አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ ምልክቱም ክንድ ላይ ይቀራል። መዝገብ ባይኖርም እጅጌን ሰብስቦ ማየት ይበቃል። ሰሜን ተራሮችን ወጥቶ የዓባይን በረሃ ወርዶ እያንዳንዱን ቤት አንድ ጊዜ መርገጥ የቻለ ሰው ሥራውን ጨረሰ ማለት ነው።

ከዚያ አብዮቱ መጣ። በየቦታው ሽፍታውም ተዋጊውም በዛ፤ ሰላም ጓዶቹ ወጡ፤ የጤና ሠራተኞችም እየታገቱ አስቸገረ። ለማይደረሱት ቦታዎች ሄሊኮፕተር መጣ፤ በእሱም ተተኮሰበት። የዓለም አቀፉ ዘመቻ መሪ ዶናልድ ሄንደርሰን ሲያወጋው፣ ከሄሊኮፕተር አብራሪዎቹ አንዱ በታጣቂዎች ተይዞ ሳለ በእጁ የነበረውን ክትባት አውጥቶ አጋቾቹን ከተበ። የዘመቻው ሰው እንዴት ያለ እልኸኛ እንደነበር ለመረዳት ይህ ይበቃል።

ደጋው ከጸዳ በኋላ በሽታው ከአርብቶ አደሩ ጋር ወደ ኦጋዴን በረሃ ወረደ። ነሐሴ 3 ቀን 1968 ዓ.ም. በባሌ ክፍለ ሀገር ቆላ፣ ዲሞ በምትባል መንደር አንዲት የሦስት ዓመት ልጅ ታመመች። በኢትዮጵያ ምድር የመጨረሻዋ የፈንጣጣ ታማሚ እሷ ናት። ከድንበሩ ማዶ ግን በሽታው ገና ነበረ፤ ጥቅምት 16 ቀን 1970 ዓ.ም. ሶማሊያ ውስጥ መርካ ከተማ የሆስፒታል ወጥ ቤት ሠራተኛ የነበረው አሊ ማው ማሊን ታመመ። በተፈጥሮ የተላለፈ ፈንጣጣ በዓለም ላይ ከዚያ ወዲያ አልታየም። አሊ ዳነ፤ ከዓመታት በኋላ በአገሩ የፖሊዮ ክትባት ቀስቃሽ ሆነ። ደ ኳድሮስም ከኢትዮጵያ ወደ አሜሪካ አህጉር ሄዶ ከካናዳ እስከ አርጀንቲና ፖሊዮን ያጠፋውን ሥራ መራ። ታማሚውን ፈልጎ መክበብን እዚህ ተራራ ላይ ሠርቶበት የሄደ ሰው ነው።

በ1972 ዓ.ም. የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም የሚባለው በኢትዮጵያ ተጀመረ። ዓላማው ስድስት በሽታዎችን መከላከል ነበር፦ ሳንባ ነቀርሳ፣ ዘጊ አናዳ፣ ትክትክ፣ መንጋጋ ቆልፍ፣ የልጅነት ልምሻ (ፖሊዮ) እና ኩፍኝ። ዕቅዱ በ10 ዓመት ውስጥ ዕድሜያቸው ከሁለት ዓመት በታች የሆኑትን ሕፃናት በሙሉ መከተብ ነበር። በ1978 ዓ.ም. ግቡ ወደ 75 በመቶ ዝቅ አለ፤ ዕድሜውም ከአንድ ዓመት በታች ሆነ።

ፈንጣጣን ያጠፋች አገር ይህን እንዴት ያቅታታል? ብዙ ሰው ያሰበው እንዲህ ነበር፤ ነገሩ ግን ተገለባብጦ ነበር። እነዚህ ክትባቶች ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ውስጥ መቆየት አለባቸው። ኤሌክትሪክ በሌለበት ጤና ጣቢያ ፍሪጁ የሚሠራው በነጭ ጋዝ ነው፤ ጋዙ ካለቀ፣ ክሩ ከጠቆረ፣ ሠራተኛው ለስብሰባ አውራጃ ከወረደ ክትባቱ ተበላሸ። በዚያ ላይ አንድ ጊዜ አይበቃም። ልጁ በተወለደ ሰሞን የሳንባ ነቀርሳውን፣ በስድስተኛው፣ በአሥረኛውና በአሥራ አራተኛው ሳምንት ሌሎቹን፣ በዘጠኝ ወሩ የኩፍኙን መውሰድ አለበት፤ በአንድ ዓመት ውስጥ አምስት ጊዜ። በፈንጣጣው ዘመን ወደ ቤት የሚሄደው ከታቢው ነበር። አሁን የምትሄደው እናቲቱ ሆነች፤ ልጅ አዝላ፣ አምስት ጊዜ። እኔ እንደሚመስለኝ ከዚያ ወዲህ ያለው የገጠር ክትባት ታሪክ ይህን መንገድ ከእናቲቱ ትከሻ ለማውረድ የተደረገ ሙከራ ነው፤ አንዳንዱ ተሳክቷል፣ አንዳንዱ በወረቀት ላይ ብቻ ተሳክቷል።

የደርግ ዓመታት ጦርነት ፕሮግራሙን በመንገድ ዳር አስቀረው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲለወጥ የነበረውም ተንኮታኮተ። በ1992 ዓ.ም. የመጀመሪያው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ቤት ለቤት ሲካሄድ፣ በአንድና በሁለት ዓመት መካከል ካሉ ልጆች መሠረታዊ ክትባቶችን በሙሉ የወሰዱት 14 በመቶ ብቻ ሆነው ተገኙ። ፕሮግራሙ ከተጀመረ 20 ዓመቱ ነበር።

በዚያው ሰሞን ጋቪ የተባለው ዓለም አቀፍ የክትባት ጥምረት ተቋቋመ፤ ለድሃ አገሮች ክትባት የሚገዛበት ገንዘብ ተገኘ። ቀጥሎም የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ «እያንዳንዱን ወረዳ መድረስ» የሚለውን አሠራር ይዘው መጡ። ሐሳቡ ቀላል ነው፦ ወረዳው ካርታውን ይሳል፤ የትኛው ቀበሌ ከጤና ጣቢያ ስንት ሰዓት እንደሚርቅ፣ የትኛው ወንዝ በክረምት እንደሚሞላ ይጻፍ፤ ለሩቁ ቀበሌ የመውጫ ቀን ይያዝ። ኢትዮጵያ በ1990ዎቹ አጋማሽ ተቀበለችው።

ትልቁ ለውጥ ግን የመጣው በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ነው። በየቀበሌው አንድ ጤና ኬላ ይሠራል፤ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ የአካባቢው ልጆች የሆኑ ሁለት ሴቶች አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ደመወዝ እየተከፈላቸው ይመደባሉ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ አለፈ። በአንዲት አገር ገጠር ውስጥ ይህን ያህል ሴት በመንግሥት ደመወዝ ማሠማራት ቀላል ነገር አይደለም። በአፋርና በሶማሌ አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች ስላልተገኙ ብዙ ወንዶች ተቀጠሩ፤ እንግዳ ወንድ ወልዳ ከተኛች ሴት ዘንድ እንደ ልቡ አይገባምና እዚያ ፕሮግራሙ ከመጀመሪያው አነከሰ።

አንድ የወጣ ገባ ቀበሌ የክትባት ቀን ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ። ጤና ኬላው ፍሪጅ የለውም። የኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጎህ ሲቀድ ወደ ጤና ጣቢያው ትሄዳለች። እዚያ አይስ ፓኮቹ ከፍሪዘር ወጥተው ትንሽ መቆየት አለባቸው፤ ሲነቀንቋቸው ውስጣቸው ውሃ ሲንቦጨቅ ካልተሰማ ገና ናቸው። ብዙ ሰው ክትባት የሚበላሸው በሙቀት ብቻ ይመስለዋል፤ የትክትኩና የመንጋጋ ቆልፉ ክትባት ግን በረዶ ከሆነ አይረባም። ስለዚህ ትጠብቃለች። ከዚያ ብልቃጦቹን በመያዣው ውስጥ ትደረድራለች፤ በብልቃጡ ላይ ባለችው ክብ ምልክት ውስጥ ያለው አራት ማዕዘን ከዙሪያው ፈዘዝ ብሎ መታየቱን ታያለች፤ ከጠቆረ ሙቀት ነክቶታል። መያዣውን ትከሻዋ ላይ አንግታ ሁለትና ሦስት ሰዓት ትጓዛለች። ቀጠሮው ከዋርካው ሥር ነው፤ ወይም ቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ፣ ወይም የገበያው ዳር።

አሁን የኩፍኙ ነገር ይመጣል። አንዱ ብልቃጥ ለ10 ልጅ ነው፤ ከተበጠበጠ በኋላ የሚቆየው 6 ሰዓት ብቻ ነው፣ ከዚያ ይደፋል። የመጡት ልጆች ሦስት ቢሆኑስ? መመሪያው ለአንድ ልጅም ቢሆን ክፈቺ ይላል። የወረዳው ተቆጣጣሪ ደግሞ ባከነ የተባለውን ዶዝ ይቆጥርባታል። ስለዚህ ስንቷ እናት ከማዶ ሸለቆ ተነሥታ፣ የአረሙን ሥራ ትታ መጥታ «ዛሬ ልጅ አልሞላም፤ ማክሰኞ ተመለሺ» ተብላለች። ማክሰኞ አትመለስም። ይህን እምቢተኝነት ብለው የሚመዘግቡ አሉ፤ እኔ ግን እምቢ ያለችው እሷ አይመስለኝም።

ክትባቶቹ እየጨመሩ ሄዱ። በ1999 ዓ.ም. አምስት በሽታ በአንድ መርፌ የሚከላከለው ፔንታቫለንት ገባ፤ በ2004 የሳንባ ምቹ፣ በ2006 የሮታ ቫይረስ ተቅማጡ። በየጊዜው መያዣው ይሞላል፣ ፍሪጁ ይጠባል። በነጭ ጋዝ የሚሠሩት ቀስ በቀስ በፀሐይ ኃይል በሚሠሩ ተተኩ፤ ይህ ብዙ የማይወራለት ነገር ግን ትልቅ ነገር ነው።

ሪፖርቱም አደገ። በ2003 ዓ.ም. ከየወረዳው የተደመረው ቁጥር የፔንታን ሦስተኛ ዶዝ ከ80 በመቶ በላይ የሚሆኑ ሕፃናት ወስደዋል ይል ነበር። በዚያው ዓመት ቤት ለቤት የተደረገው ጥናት 37 በመቶ ገደማ አገኘ። ልዩነቱን ለማስታረቅ ብዙ ተባለ፤ ካርድ የጠፋባት እናት በቃሏ ስትናገር ትረሳለች፣ የሕፃናቱ ጠቅላላ ቁጥር ከአሮጌ ቆጠራ የተሰላ ነው፣ ወዘተ። ሁሉም ትንሽ ትንሽ እውነት አላቸው። ይሁን እንጂ ዕቅዱን ያላሟላ ወረዳ በግምገማ ላይ እንዴት እንደሚጠየቅ የሚያውቅ ሰው፣ ቁጥሩ ለምን ወደ ላይ እንደሚያድግ ለመረዳት አይቸገርም። ጉዳቱ ግን በሌላ በኩል ነው። 80 በመቶ ያለ ወረዳ የተረሳ ቀበሌ የለውም፤ የተረሳ ቀበሌ ከሌለው ደግሞ ተጨማሪ የመውጫ ቀን አያስፈልገውም፤ በጀትም አይጠይቅም።

በ2005 ዓ.ም. ነሐሴ አካባቢ ነገሩን የሚያጋልጥ በሽታ መጣ። ያን ዓመት በሞቃዲሾ የተነሣው ፖሊዮ ድንበር ተሻግሮ ሶማሌ ክልል ዶሎ ዞን ገባ። እስከ ታኅሣሥ 2006 ድረስ 10 ሰዎች ታመሙ። 10 ትንሽ ቁጥር ይመስላል፤ ፖሊዮ ግን አንድ ሰው ሽባ በሆነ ቁጥር መቶዎች ምልክት ሳያሳዩ ይዘውት የሚዞሩበት በሽታ ነው።

በዶሎ «ጤና ኬላው የት ነው?» ብሎ መጠየቅ ትርጉም የለውም፤ ሰዉ ራሱ ዛሬ የት እንዳለ ነው የሚጠየቀው። ክትባት ሰጪዎች በድንበር ኬላዎችና በውሃ ጉድጓዶች ዙሪያ ቆሙ፤ ጎሳ መሪዎች የትኛው ቤተሰብ ግመሉን ይዞ ወዴት እንደወጣ ይነግሯቸው ነበር። በዚያ ምሥራቅና በሌሎቹ ጠረፎች ኮር ግሩፕ የተባለው የድርጅቶች ኅብረት ያሠማራቸው የመንደር በጎ ፈቃደኞች አዲስ የተወለደውንና እግሩ ድንገት የዛለውን ልጅ እየፈለጉ ያሳውቃሉ። አፋር ውስጥ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቆመው ወሬ የሚቀባበሉበት ዳጉ አለ፤ ተንቀሳቃሹ የጤና ቡድን የትኛው ውሃ ዘንድ በየትኛው ቀን እንደሚመጣ በዳጉ ከተነገረ ከየትኛውም ደብዳቤ በፊት ይደርሳል። ከታቢው ወደ ሰው የሚሄድበት የፈንጣጣው ዘመን አሠራር እዚህ በከፊል ተመለሰ።

ሰኔ 2009 ላይ ኢትዮጵያ ከፖሊዮ ነፃ ተባለች። ሁለት ዓመት ሳይሞላ፣ በ2011 ዓ.ም. ግንቦት፣ በዚያው በዶሎ ዞን እንደገና ሽባ የሆነ ልጅ ተገኘ። የዚህ ጊዜው ቫይረስ የተነሣው ከክትባቱ ውስጥ ካለው የተዳከመ ቫይረስ ነው፤ ያልተከተቡ ልጆች በበዙበት ቦታ ከልጅ ወደ ልጅ ሲዘዋወር ቆይቶ ኃይሉን መልሶ ያገኘ። ዘመቻ በዘመቻ ላይ ተደርቦ ሳለ መደበኛው ክትባት እዚያ ብዙ ልጆችን አልደረሰም።

የ2008ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት በበኩሉ አንድ ልብ የሚባል ነገር አሳይቶ ነበር። የፔንታን የመጀመሪያ ዶዝ የወሰዱት 73 በመቶ፣ ሦስተኛውን የወሰዱት 53 በመቶ ናቸው። ከአምስት እናቶች አንዷ አንድ ጊዜ መጥታ በመሃል ቀርታለች ማለት ነው። መጀመሪያውን የሄደችው አምናበት ነው፤ ክትባት አትፈልግም ማለት አይቻልም። መሠረታዊ ክትባቶቹን በሙሉ የጨረሱት 39 በመቶ ሲሆኑ፣ አዲስ አበባ ላይ 89፣ አፋር ላይ 15 በመቶ ናቸው። ከ1992ቱ 14 በመቶ አንጻር አገሩ ተራምዷል፤ አፋር ግን በ2008 ገና በ1992ቱ ኢትዮጵያ ላይ ነበረ።

ከዚያ ኮሮና መጣ። ሰው እንዳይሰበሰብ በተባለበት በ2012 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻና ሐምሌ ሠራተኞቹ ጭምብል አጥልቀው የኩፍኝ ዘመቻ አደረጉ፤ ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ተከተቡ። በጥቅምት 2013 የሰሜኑ ጦርነት ተነሣ። ትግራይ ከጦርነቱ በፊት በክትባት ከሌሎች ክልሎች ፊት ከሚሰለፉት አንዱ ነበር፤ ከገጠሩ ጤና ኬላ ብዙው ተዘረፈ፣ ፍሪጁ ተሰባበረ፣ ሠራተኛው ተሰደደ። አማራና አፋርም ጦርነቱ የረገጣቸው ወረዳዎች እንዲሁ ሆኑ። ለ30 ዓመት የተገነባ በሁለት ዓመት እንዴት እንደሚፈርስ ታየ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ከተፈረመ በኋላ ኩፍኝ በየቦታው መነሣቱ ማንንም አላስገረመም።

በእነዚህ ዓመታት የጤና ባለሙያው አፍ ላይ አዲስ ስም ገባ፦ «ዜሮ ዶዝ»፤ የፔንታን የመጀመሪያ ዶዝ እንኳ ያላገኘ ልጅ ማለት ነው። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ ግምት በቅርብ ዓመታት በኢትዮጵያ በየዓመቱ ወደ አንድ ሚሊዮን የሚጠጉ ሕፃናት እንዲህ ናቸው፤ ከአፍሪካ ከናይጄሪያና ከኮንጎ ጋር ከፊት የሚሰለፍ ቁጥር ነው። ስያሜው አንድ ጥቅም አለው። አማካይ ውስጥ መደበቅን ያስቀራል። የወረዳው መቶኛ ስንት ነው ከማለት ይልቅ የትኛው ጎጥ፣ የማን ቤት፣ የትኛው ልጅ ተብሎ ይጠየቃል። ሠራተኞች ቤት ለቤት ዞረው ልጆችን እየመዘገቡ፣ ከዓመት በላይ የሆናቸውንም ያመለጣቸውን እየሰጡ ያካክሳሉ። ቀድሞ ዕድሜው ያለፈ ልጅ ቢመጣ «አልፎታል» ተብሎ ይመለስ ነበርና ይህ ራሱ ለውጥ ነው።

ገንዘቡ ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኢትዮጵያ የምትሰጠው ክትባት አብዛኛው የሚገዛው በጋቪ ነው፤ መንግሥት ድርሻውን ይጨምራል። ሰኔ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ የጤና ሚኒስትር ሮበርት ኬኔዲ አገራቸው ለጋቪ የምትሰጠውን ገንዘብ እንደምታቆም አስታወቁ። ክትባቱን ለመግዛት የሚጎድለውን ሌላ ለጋሽ ሊሞላው ይችላል፤ ብልቃጥ ይቆጠራል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ለጋሽ ያገኛል። የመውጫ ቀኑ አበል፣ የሞተር ሳይክሉ ቤንዚን፣ ድንኳን ይዞ በረሃ የሚያድረው ቡድን ስንቅ ግን በወረዳው በጀት ላይ ከመጨረሻው መስመር ይጻፋል። ወረዳ በጀት ሲያጥረው ደግሞ ጤና ጣቢያውን አይዘጋም፤ የሚሰርዘው መውጫውን ነው።